ከገበያ በፊት የልጆች ዕጣ ይቀመጥ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለጠቅላላ ጉባኤው አባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማህበራት ተወካዮች፣
ከየቀበሌው የመጣችሁ አባወራዎችና እማወራዎች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ በዓል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ኩንታል ነው። ምን ያህል ማዳበሪያ እንደተሰራጨ፣ ምን ያህል ምርጥ ዘር እንደቀረበ፣ ስንት ኩንታል በቆሎ ለገበያ እንደወጣና ለአባላት ምን ያህል የትርፍ ክፍፍል እንደደረሰ በሪፖርት ይሰማል። መሰማቱም ተገቢ ነው፤ የአባላት ላብ ውጤት ነውና። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን በሪፖርቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያላገኘ ጉዳይ ነው። እርሱም አምርቶ በሚሸጠው አርሶ አደር ቤት ልጆች ምን ይበላሉ የሚለው ነው።

ሙሉ ጎተራ፣ ቀጭን ክንድ

በአንድ በቆሎ አምራች ቀበሌ የሚኖር አንድ አርሶ አደር አለ። ምርጥ ዘር ይጠቀማል፣ በመስመር ይዘራል፣ ኮምፖስት ያዘጋጃል፣ የማህበሩን ዕጣ ከገዙት የመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነው። በሞዴልነት የተሰጠው የምስክር ወረቀት በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ምርት በገባበት ወር አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ቤቱ ጎራ ብላ የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልጁን ክንድ ለካች። መለኪያው 12.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን አረንጓዴ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው ውስጥ ሲሆን ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ሲሆን ደግሞ ቀይ ያሳያል። የልጁ ክንድ ቢጫው ላይ አረፈ።

አባትየው አላመነም። «ልጄ፣ ይህ መለኪያሽ ሳይበላሽ አይቀርም። በዚህ ቤት እህል ጠፍቶ አያውቅም» አላት።

«እህሉስ አልጠፋም ጋሼ። ለመሆኑ ሕፃኑ ትናንት ምን ምን በላ?» ስትል ጠየቀች።

መልሱን የሰጠችው እናትየዋ ነበረች። ጠዋት ቂጣ በሻይ፣ ቀን እንጀራ በሽሮ ፍትፍት፣ ማታም ያው እንጀራ በሽሮ። በቤቱ አራት ዶሮዎች አሉ። እንቁላሎቹ እንዳይሰበሩ በጤፍ ውስጥ ተቀብረው የቅዳሜን ገበያ ይጠብቃሉ። በጓሮው ጎመንና ዱባ አለ። ላሟም ወልዳለች፤ ወተቷ ግን ተጠራቅሞ ቅቤ ይወጣውና ቅቤው ይሸጣል። እናትየዋ ይህን ሁሉ ከዘረዘረች በኋላ፣ «ከገበያ ስመለስ ብስኩትና ከረሜላ ሳልይዝለት ቀርቼ ግን አላውቅም» ብላ ጨመረች።

ይህቺ እናት ልጇን ስለማትወድ አይደለም። ብስኩቱን የምትገዛው ስለምትወደው ነው። እንቁላሉም በቤቱ ውስጥ ጨው ነው፣ ደብተር ነው፣ ሳሙና ነው፤ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ገንዘብ ከእርሱ ይገኛል። ይሁን እንጂ በመጨረሻ የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ሕፃኑን የሚገነባው ምግብ ከቤት ወጥቶ ተሸጠ፤ በሽያጩም ጥርሱን ከሚያበላሽና ሆዱን ለጊዜው ከሚያታልል በቀር ብዙ ጥቅም የሌለው ጣፋጭ ተገዝቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ግብይት በየሳምንቱ በብዙ ቤት ይፈጸማል። ማንም ግን ኪሳራ ብሎ አይመዘግበውም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ይህ የአንድ ቤት ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ በጉባኤ ላይ ባልተነሳ ነበር። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 58ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ነበሩ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ደግሞ ወደ 37 ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ነው። ሆኖም በ2016ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከ100 ሕፃናት 46ቱ ቀንጭረው የተገኙ ሲሆን፣ ትርፍ አምራች ተብለው የሚጠሩ አካባቢዎችም ከችግሩ ነፃ አልነበሩም። በዚሁ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው 100 ሕፃናት ውስጥ በቂ ስብጥር ያለው ምግብ ያገኙት 14ቱ ብቻ ነበሩ።

መቀንጨር ማለት ማጠር ብቻ አይደለም። ከእርግዝና ጀምሮ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያሉት ወደ 1000 የሚጠጉ ቀናት አካል ብቻ ሳይሆን አእምሮም በፍጥነት የሚገነባባቸው ናቸው። በእነዚህ ቀናት የጎደለው በኋላ በሙሉ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት በሕፃናት የምግብ እጥረት ምክንያት በትምህርት፣ በጤናና በሥራ አቅም ላይ የደረሰውን ጉዳት አስልቶ ኢትዮጵያ በ2009 ብቻ 55.5 ቢሊዮን ብር እንዳጣች አሳይቷል። መንግሥትም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን የገባው ከዚህ በመነሳት ነው።

ወደ አርሶ አደሩ ቤት እንመለስ። ሕፃኑ ከመለካቱ ይልቅ አባትየውን ያሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። ትልቋ ልጁ ሁለተኛ ክፍል ናት። በክፍሏ ካሉት ሁሉ አጭሯ እርሷ ናት። እስከዚያች ቀን ድረስ በእናቷ ወገን አጫጭር ሰዎች ስላሉ ነው ብሎ ያስብ ነበር።

በዕድሉ ወይስ በዕጣው?

በገጠርም በከተማም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። አባባሉ ድሃ ወላጅ ተስፋ እንዳይቆርጥ ለማጽናናት የተባለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሕፃኑ ምግብ የማይታሰብበት ምክንያት ሆኖ ሲያገለግል ጉዳቱ ያመዝናል። የኅብረት ሥራ ማህበር አባል ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። የትርፍ ክፍፍል የሚደርሰው ዕጣ ለገዛ አባል ነው። በመዝገብ ላይ ዕጣ የሌለው ሰው ከትርፉ ልውሰድ ቢል የሚሰማው የለም። በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ለዘር የሚሆነው ተለይቶ ይቀመጣል፣ ለማዳበሪያ ዕዳ የሚሆነው ተለይቶ ይቀመጣል፣ ለድግስ የሚሆነውም ተለይቶ ይቀመጣል። የሕፃኑ ግን በማንም ሒሳብ አልተያዘም። የተረፈው ይደርሰዋል ተብሎ ይታለፋል፤ ከሽያጭ ደግሞ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

በመሆኑም መፍትሔው ውድ ነገር መግዛት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው። የሕፃኑ ዕጣ ገበያ ከመወጣቱ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ።

ይህ በቁጥር ሲታይ እንደሚከተለው ነው። አንዲት የአገር ዶሮ በዓመት ከ50 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል አራት ዶሮዎች ከ200 በላይ እንቁላል ይሰጣሉ። ግማሹ ለሕፃኑ ቢቀር በሳምንት ሁለት እንቁላል ያገኛል። ግማሹም ለጨውና ለደብተር ይሸጣል። ከዶሮዎቹ ሁለቱን «የልጁ ዶሮዎች» ብሎ መሰየምና የእነርሱን እንቁላል ገበያ አለማውጣት ሒሳቡን ያቀለዋል። የተሻሻሉ ዝርያዎችን የያዘ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይችላል። ከወተቱም ቢያንስ አንድ ስኒ፣ ለቅቤ ከመጠራቀሙ በፊት፣ ፈልቶ ለሕፃኑ ይሰጥ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንቁላል ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ዶሮ ማርባት ለሕፃናት ዕድገት እንደሚጠቅም ሲያሳይ፣ ዶሮዎቹ ሰው በሚተኛበት ቤት ሲያድሩ ግን ጉዳት እንዳለው ጠቁሟል። ሕፃን መሬት ላይ የሚያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባል፤ የዶሮ ኩስም ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ የዶሮ ቤት ለብቻው ይሠራ፤ እጅም ምግብ ከማዘጋጀትና ሕፃን ከመመገብ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

ጓሮውና ማጀቱ

ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም፣ ውኃም ቢሆን፣ አያስፈልገውም። ከ6 ወር ጀምሮ ግን ጡት እየጠባ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ተጨማሪ ምግብ ይፈልጋል። ተጨማሪ ምግብ ሲባል በብዙ ቤት ቀጭን አጥሚት ነው። ሆድ ይሞላል፣ ኃይሉ ግን ጥቂት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በውኃ መሞላት የለበትም። ጥሩ ገንፎ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ነው።

ሦስት ስኒ እህል ከአንድ ስኒ ጥራጥሬ ጋር፣ ለምሳሌ በቆሎ ወይም ጤፍ ከባቄላ፣ ከአተር ወይም ከሽምብራ ጋር ተቆልቶ ቢፈጭ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ያሟላለታል። ጓያ ግን ሽባነት ስለሚያስከትል ከሕፃን ዱቄት ውስጥ መግባት የለበትም። ገንፎው በጣም ወፍሮ ሕፃኑ መዋጥ ካቃተው ለብ ሲል ትንሽ የብቅል ዱቄት ተጨምሮበት ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ውኃ ሳይጨመርበት ይላላል፤ ከዚያም መልሶ ማፍላት ነው። በዚህ ላይ የተፈጨ ጎመን፣ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት፣ አንድ እንቁላልና ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ሲጨመር ሙሉ ምግብ ይሆናል። ቅባቱ ለማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ በዱባውና በካሮቱ ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው የስኳር ድንች ዝርያም ለዚሁ ተመራጭ ነው። ሻይና ቡና ግን ከምግብ የሚገኘውን የብረት ማዕድን ስለሚይዙ ለሕፃን ከምግብ ጋር አይሰጡም።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው ለቤት የሚቀረው እህል ነው። በብዙ ቦታ ምርጡ ለገበያ፣ የነቀዘውና የሻገተው ለቤት ይቀራል። ሻጋታ የነካው በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህም በተለመደው አበሳሰል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሕፃኑ ዕጣ ከምርጡ እህል ይለይ። በደንብ ይድረቅ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ።

ልጁ እንዲበላ ምን ይደረግ?

ምግቡ ተዘጋጅቶም «አይበላልኝም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ልጅን ማስገደድ፣ አፍንጫ ይዞ ማጉረስ ወይም መቆጣት ምግቡን እንዲጠላ ያደርገዋል። ልጅ አዲስ ምግብ ሲቀምስ መጀመሪያ ቢተፋው ጠላው ማለት አይደለም። ስምንት አሥር ጊዜ ከቀመሰ በኋላ የሚለምድ ልጅ ብዙ ነው። በትዕግሥት እያጫወቱ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ መመለስ ያስፈልጋል።

ሕፃኑ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ ሲቀርብ እጁ ፈጣን የሆነው ይበላል፣ ትንሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ምን ያህል እንደበላም የሚያውቅ የለም። የራሱ ሳህን ካለው ግን ተጨርሶ ወይም ተርፎ ይታያል።

ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ የሚከተሉት የሚታየውን ነው። አባት ጎመን ሲቀርብለት «ደግሞ ዛሬም ጎመን?» ብሎ ፊቱን ቢያዞር ልጁም ያዞራል። ጎመንን የድሃ ምግብ እያሉ እያጣጣሉ ልጅ እንዲበላው መምከር አይሆንም። «ጎመን በጤና» ያሉት አባቶች ጎመንን ከጤና ጋር አብረው መጥራታቸውን ማስታወስ ጥሩ ነው። አንድ መደብ መሬት ለልጆቹ ለይቶ ካሮት ወይም ቆስጣ እንዲዘሩ፣ እንዲያጠጡና ራሳቸው እንዲነቅሉ ማድረግም በብዙ ቤት የሚቻል ነው። ልጅ የዘራውን ለመቅመስ ይጓጓል። ከገበያ መልስም ከብስኩትና ከከረሜላ ይልቅ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን ወይም ለውዝ ይዞ መምጣት ይቻላል። ትናንሽ ሕፃናት እንዳያንቃቸው ግን ለውዙ ተፈጭቶ ይሰጥ። ልጅ የሚደሰተው እንዳልተረሳ በማየቱ ነው፤ በእጅ ያለው የግድ ከረሜላ መሆን አያስፈልገውም።

የጾም ቀናት

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኞች ቤት ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ሕፃናት ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው እንደማይጾሙ በልማድም በትምህርትም የታወቀ ነው። ይሁንና በተግባር ብዙ እናቶች በጾም ወቅት ለሕፃኑ እንቁላልና ወተት አያዘጋጁም፤ የሚፈሩትም ድስቱና ማንኪያው የጾመኛውን ምግብ እንዳይነካባቸው ነው። በዓመት ውስጥ የጾም ቀናት ብዙ እንደመሆናቸው ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሚያጎድሉት ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለብቻ ይለይለት። የጾመኛው ጾም ይጠበቃል፣ ሕፃኑም ዕጣውን አያጣም። በዚህ ላይ የንስሐ አባቶች ቃል ከማንኛውም ባለሙያ ምክር ይበልጥ ይሰማልና፣ ቄሶች በየቤቱ ሲገቡ ይህን ቢያነሱ ትልቅ ውለታ ነው።

ከዩኒየኑና ከማህበራቱ ምን ይጠበቃል?

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች ሰባተኛው ለማህበረሰቡ ማሰብ ነው። ይህ መርህ የሚፈጸመው ትምህርት ቤት በመሥራትና መንገድ በመጥረግ ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚቀርብበት መጋዘን የጎመን፣ የካሮትና የዱባ ዘር በትናንሽ እሽግ፣ እንዲሁም የተሻሻሉ ዝርያዎች ቄቦች አብረው ቢቀርቡ አባላት ለመጨነቅ ጊዜ አያጡም።

ሁለተኛ፣ ወፍጮ ያላቸው መሠረታዊ ማህበራት ከገበያ ቀን ውጪ አንድ ቀን ለሕፃናት ምጥን ዱቄት ሊለዩ ይችላሉ። ወፍጮው ተጠርጎ፣ ከበርበሬና ከሌላ ቅሪት ጸድቶ የሕፃናቱ ዱቄት ቢፈጭ እናቶች ይመርጡታል።

ሦስተኛ፣ እማወራዎችና ያገቡ ሴቶች በራሳቸው ስም ዕጣ ገዝተው አባል እንዲሆኑ ይበረታቱ። ስለ እንቁላሉና ስለ ወተቱ ብዙ ጊዜ የሚወስኑት እነርሱ ስለሆኑ በጉባኤው ላይ ድምፃቸው ሊሰማ ይገባል።

አራተኛ፣ የትርፍ ክፍፍል በሚሰጥበት ቀን አንድ አጀንዳ ይጨመር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የክንድ መለኪያቸውን ይዘው ይምጡ፣ አባላትም ሕፃናቱን ይዘው ይምጡ። ገንዘብ በሚቆጠርበት ቀን የሕፃናቱም ክንድ ይለካ።

አንድ ቤት ብቻውን ይህን ሲጀምር ጎረቤት «እንቁላል ለልጅ? ጨው በምን ሊገዛ ነው?» ሊል ይችላል። መንደሩ በሙሉ ሲጀምረው ግን ልማድ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ከላይ የተጠቀሰው አርሶ አደር ከዚያች ቀን በኋላ ሁለት ዶሮዎችን ለልጁ ለየ። ለዶሮዎቹም ከቤቱ ኋላ ከቆርቆሮና ከእንጨት ማደሪያ ሠራ። እናትየዋም ለሕፃኑ ትንሽ ድስት ገዛች። ወደ ሦስት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተመልሳ ስትለካው ክንዱ አረንጓዴው ላይ አረፈ። አባትየው ግን ከመደሰቱ በፊት ትልቋን ልጁን ጠርቶ «እስቲ እርሷንም ለኪልኝ» አለ። ሠራተኛዋ መለኪያው የታናናሾቹ እንደሆነና የእርሷ ጊዜ እንዳለፈ ነገረችው። እርሷም ቢሆን ከጎመኑና ከእንቁላሉ እንዳይጎድልባት፣ ትምህርቷንም እንድትበረታ፣ ነገ እናት ስትሆን ጥቅሙን እንደምታገኘው ገለጸችለት። ዝም ብሎ ሰማትና «እንግዲያውስ ሦስተኛዪቱ ዶሮ የእርሷ ትሁን» አለ።

የተከበራችሁ አባላት፣ በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ከኩንታሉ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ቢነበብ ዩኒየኑ ይኮራል። ከአባላት ቤት ስንቱ ለልጁ ዕጣ ለይቷል የሚል ቁጥር። ይህን ለመጀመር በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። የመጪው ቅዳሜ ገበያ ከመድረሱ በፊት፣ እንቁላሉ ከጤፍ ውስጥ ሲወጣ፣ የልጁ ይለይ።